የበሽታ መለያ ሶፍትዌር ልትሰሩ ላሰባችሁ ልጆች፦ እነዚህን ስህተቶች እንዳትደግሙ

ባለፈው ሁለት የኮምፒውተር ተመራቂዎች ከባህር ዳር ደብረ ማርቆስ ድረስ መጥተው ቡና ጋበዙኝና «ጋሼ፣ ሐኪም ጋ ሳይኬድ በሽታ የሚለይ ሶፍትዌር ጀምረናል፣ ካምፓኒም ልናቋቁም ነው» አሉኝ። እኔ ኦፒዲ (የተመላላሽ ህክምና ክፍል) ላይ ስንት ዓመት የቆየሁ ጤና መኮንን ነኝ፣ ኮዲንግ አልችልም፣ ግን ይሄ ነገር ዛሬ የተጀመረ አለመሆኑንና ትልልቆቹ የት የት ላይ እንደወደቁ እያነበብኩ ስለኖርኩ ለነሱ ያልኳቸውን እዚህም ልጻፈው ብዬ ነው። (ዓመተ ምህረቱ በሙሉ የፈረንጅ ነው፣ ግራ እንዳይገባችሁ።)

አንደኛ፣ «ሐኪሙን እንተካለን» የምትሉትን ተዉት። በ1970ዎቹ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማይሲን የሚባል ፕሮግራም ተሰርቶ ነበር፣ ለከባድ ኢንፌክሽን የትኛው አንቲባዮቲክ ይሰጥ ብሎ የሚመክር። በ1979 በወጣው ፈተና ማጅራት ገትር ላይ ከስፔሻሊስቶቹ አላነሰም። ግን መደበኛ ህክምና ላይ ሳይውል ቀረ። ሐኪሙ ቁጭ ብሎ ጥያቄ በጥያቄ ሲመልስለት ይውላል፣ ቢሳሳትስ ማን ነው የሚጠየቀው?

አሁን ደግሞ እስከዛሬ የቆየውን የኢዛቤልን ነገር እዩት። በ1999 እንግሊዝ አገር ኢዛቤል የምትባል የ3 ዓመት ልጅ ችክን ፖክስ (ቆዳ ላይ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ የሚያወጣው በሽታ) ይዟት ሐኪም ቤት ትወሰዳለች፣ ችክን ፖክስ ነው ተባለና ሁሉም እዛው ላይ ተቸነከረ፣ ለካ ሥጋን የሚበላ ኢንፌክሽን ተከትሎ ገብቷል፣ ልጅቷ ከሞት አፋፍ ነው የተመለሰችው። አባትየው ጄሰን ሞድ የፋይናንስ ሰው ነበር፣ ስራውን ትቶ ጆሴፍ ብሪቶ ከሚባል የህጻናት ሐኪም ጋር ሆኖ በልጁ ስም ሶፍትዌር መሰረተ። ልብ በሉ፣ ሶፍትዌሩ «በሽታው ይሄ ነው» አይልም፣ «እነዚህንስ አስበሃቸዋል?» ነው የሚለው። መጀመሪያ ለህጻናት ብቻ ነበር፣ ቀጥሎ ለአዋቂ፣ ከዛ የሆስፒታሉ ኮምፒውተር ውስጥ ገባ፣ ኋላ ላይ ለበሽተኛው ራሱም ተሰራለት። ቀስ እያለ ነው ያደገው። እናንተ ግን ገና ሳትጀምሩ ሁሉንም በሽታ ካልነካን ትላላችሁ።

ሁለተኛው የሰው አገር ዳታ አምጥቶ እዚህ መጫን ነው። በ1972 ደ ዶምባል የሚባል እንግሊዝ አገር ያለችው የሊድስ ከተማ ሐኪም ለሆድ ህመም የሰራው ፕሮግራም 304 በሽተኞች ላይ ተሞክሮ 91.8 በመቶ ሲያገኝ ትልልቆቹ ሐኪሞች 79.6 በመቶ ነበሩ። አጃኢብ ነው። ግን ያንኑ የሊድስ ቁጥር ወስደው ኮፐንሃገን ላይ ሲሞክሩት ወረደ፣ እዛው አውሮፓ ውስጥ እኮ ነው! እንግዲህ ደብረ ኤልያስ ላይ ምን ሊሆን እንደሚችል አስቡት። እግሩ ያበጠ ገበሬ ሲመጣ የፈረንጁ ሶፍትዌር ልብ፣ ኩላሊት፣ የደም መርጋት ይላል፣ እኛ ጋ ግን ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር የኖረ ሰው ከሆነ ፖዶኮኒዮሲስ (ከአፈሩ የሚመጣው የእግር እብጠት) ነው ቀድሞ መታሰብ ያለበት። ትኩሳቱ ያልለቀቀው፣ ሆዱ የተነፋ፣ የከሳ ጎረምሳ ቢመጣ ደግሞ ወባ ብቻ ብላችሁ አትለፉት፣ «ለአጨዳ መተማ ወይ ሁመራ ወርደህ ነበር?» የምትል አንዲት ጥያቄ ካላስገባችሁ ካላዛሩ (በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈው በሽታ) ያመልጣችኋል።

«እሺ፣ የራሳችንን የጤና ጣቢያ መዝገብ እንጠቀማለን» አሉኝ። ጎበዝ፣ ግን እሱም ጣጣ አለው። መዝገቡ ላይ ታይፎይድ ተብሎ የተጻፈው ሁሉ ታይፎይድ አይደለም፣ ዊዳል የምንለው የታይፎይድ የደም ምርመራ ድሮ የያዘውንም ሰው ፖዘቲቭ ሊል ይችላል፣ እኛም ሰልፉ ሲበዛብን እንጽፈዋለን (እኔም ጽፌያለሁ፣ አልዋሽም)። ማሽኑ ከዛ ከተማረ የኛን ስህተት ነው በፍጥነት የሚደግመው።

ሦስተኛው ቋንቋው ነው፣ እዚህ ላይ ነው ልጆቹን በጣም የተቆጣኋቸው። ስልካቸው ላይ የጫኑትን ሰጡኝና «ልቤን ያቃጥለኛል» ብዬ ጻፍኩ፣ አንደኛ ያመጣልኝ የልብ በሽታ! እኛ ጋ ልቤን ያቃጥለኛል ያለ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ጨጓራው ነው። «ኩላሊቴን» ካለ ወገቡን ነው። «ምች መታኝ» ካለ ከንፈሩ ላይ የወጣ ቁስል ሊሆን ይችላል፣ ራስ ምታትና ትኩሳትም ሊሆን ይችላል። የወፍ በሽታ ማለት አይኑ ቢጫ ሆኗል ማለት ነው። «ብርድ ነው» የምትል ሴት ደግሞ ሳንባዋም መገጣጠሚያዋም ሊሆን ይችላል፣ ባሏ አጠገቧ ከቆመ ደግሞ ማህጸኗን አፍራ ሊሆን ይችላል፣ ይሄን ባልየውን «አንዴ ካርድ ክፍል ደርሰህ ና» ብለህ ልከህ ነው የምታውቀው፣ ሶፍትዌር ባል መላክ አይችልም። የዋሸራና የዲማ፣ የቅኔ አገር ሰው እኮ በሽታውንም በሰምና ወርቅ ነው የሚነግርህ፣ እናንተ ሰሙን ተርጉማችሁ ወርቁን ጣላችሁት አልኳቸው። ጊዜውም እንደዛው፣ «መቼ ጀመረ?» ሲባል ቀን ምረጥ የሚል ካላንደር አውጥታችኋል፣ እማማ የሚሉት «ከጥምቀት ወዲህ» ወይም «ሁዳዴ ሲገባ» ነው፣ በዓሉንና ጾሙን የሚያውቅ ሳጥን አድርጉላቸው።

አላርም አታብዙ። በ2021 አሜሪካ ሚሺጋን ላይ አንድ ሆስፒታል ውስጥ የተጠና የሴፕሲስ (ኢንፌክሽን መላ ሰውነትን ሲያናጋ) ማስጠንቀቂያ ሶፍትዌር ነበር፣ ከተኙት በሽተኞች 18 በመቶው ላይ እየጮኸ ሴፕሲስ ከያዛቸው 67 በመቶውን አላያቸውም። ሁሌ የሚጮህ ነገር ሲበዛ ነርሷም መስማት ታቆማለች፣ እኔም አቆማለሁ።

ያለ ኔትወርክና ያለ መብራት መስራት አለበት፣ ይሄን ማብራራት አያስፈልገኝም።

ገንዘቡ ላይ ደግሞ ወሬ ከስራ እንዳይቀድም። ትልቁ የአሜሪካ የኮምፒውተር ካምፓኒ አይቢኤም ዋትሰን የሚባል ሶፍትዌሩን ይዞ ካንሰር እናክማለን ሲል ዓለም አጨበጨበ፣ ቴክሳስ ያለው የካንሰር ሆስፒታል ኤምዲ አንደርሰን ከ60 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጥቶበት ፕሮጀክቱ በሽተኛ ጋ ሳይደርስ ቆመ፣ በ2022 አይቢኤም የጤና ዳታውን ሸጦ ወጣ። ባቢሎን የሚባለው በስልክ ህክምና የሚሰጥ የእንግሊዝ ካምፓኒ ሩዋንዳ ድረስ ገብቶ ነበር፣ በ2021 ኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ ገባ፣ በ2023 ወደቀ። ስለዚህ ልጆቹን «ማን ነው የሚከፍላችሁ?» አልኳቸው፣ ተያዩ። የገጠር ጤና ጣቢያ በጀቱ ጓንት ላይ ነው የሚያልቀው፣ በሽተኛው ለትራንስፖርት ተበድሮ ነው የመጣው፣ እንግዲህ ወይ ጤና ቢሮው ነው ወይ የግል ክሊኒክ፣ እሱን ሳትጨርሱ ቢሮ አትከራዩ።

የመጨረሻው፣ ለሙከራ ብለው የበሽተኛ ካርድ ከነስሙ ፎቶ አንስተው በቴሌግራም ሲላላኩ አገኘኋቸው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል እኮ (ይሄኛው ዓመት የኛ ነው)። እዛው ቡናው ላይ አስጠፋኋቸው፣ ከሁለቱም ስልክ። በሚመጣው የገበያ ቀን መጥተው ኦፒዲ አጠገቤ ቁጭ ብለው ሰው ህመሙን በምን ቃል እንደሚናገር ብቻ ሊጽፉ ተስማምተናል፣ ያውም ስም ሳይጽፉ፣ በሽተኛውንም እኔ አስቀድሜ አስፈቅጄ፣ ላፕቶፑንም ባህር ዳር ትተው።