ቤንችማርኪንግ ለዳቦ ቤት፦ ከጎበዝ ድርጅት እንዴት ይቀዳል?

የመሥሪያ ቤት «ልምድ ልውውጥ» ምን እንደሚመስል ሁላችንም እናውቃለን። መኪና ይዘጋጃል፣ አበል ይታሰባል፣ አዳራሽ ገብቶ ፓወር ፖይንት ይታያል፣ ምሳ ይበላል፣ በር ላይ ፎቶ ይነሳል። ከዚያ ሪፖርት። ሥራው ግን ያው ነው። የሄደው ሰው የራሱን ቤት ቁጥር ስለማያውቅ፣ ያየው ነገር ከእሱ በምን እንደሚበልጥ ሊነግራችሁ አይችልም።

ቤንችማርኪንግ ከዚህ ይለያል። የራሳችሁን አሠራር በቁጥር ትለካላችሁ፣ ያንኑ ሥራ በተሻለ ከሚሠራ ጋር ታነጻጽራላችሁ፣ ልዩነቱን ምን እንዳመጣው ፈልጋችሁ ታስተካክላላችሁ። ለዚህ ትልቅ ፋብሪካ መሆን አያስፈልግም። ደሴ ውስጥ ያለ አንድ ዳቦ ቤት እንውሰድና በእሱ እንየው።

1. አንድ ነገር ብቻ ምረጡ

«ድርጅታችንን እናሻሽል» ብሎ መነሳት የትም አያደርስም። የሚያማችሁን ቦታ ያዙ። ለዳቦ ቤቱ፦ ከአንድ ኩንታል ዱቄት ስንት ዳቦ ይወጣል? ለክሊኒክ ቢሆን ታካሚው ካርድ አውጥቶ ሐኪም ጋ እስኪገባ ስንት ደቂቃ ይጠብቃል? ለጋራዥ ደግሞ ተሠርቶ ከወጣው መኪና ስንቱ በዚያው ብልሽት ይመለሳል?

2. መጀመሪያ ራሳችሁን ለኩ

ብዙ ሰው የሚዘለው ይሄን ነው፤ ለእኔ ግን ከሥራው ግማሹ እዚህ ያልቃል።

ኩንታሉ 100 ኪሎ ነው። 60 ሊትር ውሃ ገባበት እንበል። ጨውና እርሾውን ብንተወው እንኳ 160 ኪሎ ሊጥ ይሆናል። አንዱ ድቡልቡል 100 ግራም ከሆነ 1,600 ዳቦ መውጣት ነበረበት። ስትቆጥሩ ግን 1,500 አካባቢ ነው። የቀረው የት ገባ? «ሠራተኛ ወስዶት ነው» ለማለት አትቸኩሉ። ሊጥ የሚቆርጠው ልጅ አጠገብ ቁሙና ሃያ ሠላሳውን ድቡልቡል አንድ በአንድ ሚዛን ላይ አስቀምጡት። አማካዩ 106 ግራም ከመጣ ጉዱ ተገኘ፤ በዓይን የማትታይ 6 ግራም ከየኩንታሉ 90 ያህል ዳቦ ትበላለች። የተረፈው ማቡኪያው ላይ ተጣብቆ የቀረ፣ መሬት የወደቀና ያረረ ነው። እሱንም ለየብቻ ጻፉት።

የአንድ ቀን ልኬት አይታመንም። ሰኞ ገበያ አለ፣ ጾም አለ፣ ረመዳን አለ፣ መብራት የሚጠፋበት ቀን አለ። ቢያንስ ሁለት ሳምንት ያዙ፣ የተለየ ነገር የነበረበትን ቀን ደግሞ ምልክት አድርጉበት።

3. ከማን ጋር እንደምትነጻጸሩ ወስኑ

ቅርንጫፍ ካላችሁ ከዚያ ጀምሩ፤ ማንንም ማስፈቀድ የለም። ቀጥሎ በዚያው ሙያ ያለ ሌላ ድርጅት ነው። ሦስተኛው ሰው የማያስበው ነው፦ ሙያው ሌላ፣ ሥራው ግን ተመሳሳይ የሆነ።

ቤንችማርኪንግን በዓለም ያስተዋወቀው የፎቶ ኮፒ ማሽን አምራቹ ዜሮክስ ነው። በ1979 እ.ኤ.አ. አካባቢ የጃፓን ተፎካካሪዎቹ አንድን ማሽን የሚሸጡበት ዋጋ እሱ ለመሥራት ከሚያወጣው ጋር እኩል መሆኑን ሲያይ ደነገጠ። በኋላ መጋዘኑን ለማሻሻል ሲፈልግ የሄደው ሌላ ፎቶ ኮፒ አምራች ጋ አልነበረም። ልብስና የካምፕ ዕቃ በካታሎግ የሚሸጠው ኤል ኤል ቢን ጋ ሄደ። ሁለቱም ቅርጹና መጠኑ የተለያየ ዕቃ ከመደርደሪያ በእጅ እየለቀሙ ይልካሉ፤ ኤል ኤል ቢን ግን በጣም ይፈጥናል። ቶሎ ቶሎ የሚወጣውን ዕቃ ቅርብ ያስቀምጣል፣ ትእዛዞቹን ደግሞ ለቃሚው ብዙ እንዳይመላለስ አድርጎ ያሰባስባል። በዚህ ዓይን ካያችሁት የእናንተ ክሊኒክ ካርድ ክፍልም ከአንድ ጎበዝ የመለዋወጫ ሱቅ ሊማር ይችላል።

4. የማይነጻጸረውን አታነጻጽሩ

ኮምቦልቻ ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው፣ ግን 600 ሜትር ገደማ ዝቅ ትላለች፤ ትሞቃለችም። በሙቀት ሊጥ ቶሎ ኩፍ ይላል። ስለዚህ «የኮምቦልቻው ሊጥ በዚህን ያህል ደቂቃ ይደርሳል» ብላችሁ የደሴ ጋጋሪን ብትጨቀጭቁ ግፍ ነው። ከኩንታል የሚወጣውን ዳቦ ግን ማነጻጸር ትችላላችሁ፤ የድቡልቡሉን ክብደትና የውሃውን ልክ አብራችሁ ጠይቁ እንጂ። የመኪና ነዳጅም እንደዚሁ ነው። የሐረጎን ዳገት ሲወጣ የሚውል መኪናና ሜዳ ላይ የሚሠራ መኪና በሊትር አይወዳደሩም።

5. ስትጠይቁ ሰጥታችሁ ጠይቁ

ባዶ እጃችሁን ሄዳችሁ «ሚስጥራችሁን አሳዩን» ብትሉ ማን ያሳያችኋል? የእናንተን ቁጥር አስቀድማችሁ አሳዩ። «እኛ ጋ ይህን ያህል ይወጣል፣ ይህን ያህል ያርራል፣ እናንተ ጋስ?» ሲባል ሰው ይከፈታል፤ እሱም የራሱን ማወቅ ይፈልጋላ። የሽያጭ ዋጋ ግን አታንሱ። ተፎካካሪዎች ተቀምጠው ዋጋ መተመን በሕግ ያስጠይቃል። ደንበኛ መስሎ ገብቶ መሰለልም ነውር ነው፣ ከተማዋ ጠባብ ናት፣ ይታወቅባችኋል።

6. የሚሠራውን ሰው ላኩ

ሥራ አስኪያጁ ብቻውን ከሄደ ቡና ጠጥቶ ይመለሳል። ጋጋሪውና ሊጥ ቆራጩ ይሂዱ። የሚሄዱትም ሊጥ በሚቦካበት ሰዓት፣ ሌሊትም ቢሆን። «ስንት?» ብቻ ሳይሆን «እንዴት?» ብለው ይጠይቁ። ሚዛኑ የት ነው ያለው? በየስንቱ ድቡልቡል ይመዝናሉ? ያረረውን ማን ይመዘግባል? ቁጥሩ ብቻ ይዛችሁት ብትመጡ ለቁጭት እንጂ ለሥራ አይሆንም።

7. አንድ ለውጥ፣ ከዚያ እንደገና ልኬት

ከጉብኝቱ አሥር ሐሳብ ይዛችሁ ትመለሱ ይሆናል። አንዱን ብቻ ሞክሩ። ለምሳሌ ሚዛኑን ከቢሮ አውጥታችሁ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ አድርጉት፣ ከየሃምሳው ድቡልቡል አንዱ ይመዘን። ሁለት ሳምንት ቆይታችሁ በዚያው መንገድ ቁጠሩ። አሥሩንም በአንድ ቀን ከቀየራችሁ የትኛው እንደሠራ አታውቁትም። ለሠራተኛውም ከትርፉ የሆነች ነገር ድረሱት፤ አለዚያ ሚዛኑ አንድ ሰኞ ጠዋት «ባትሪ ጨርሶ» ይገኛል።

ቁጥሩ ከተሻሻለ ያስተማሯችሁ ሰዎች ጋ ደውላችሁ ንገሯቸው፣ ቀጣዩን ጥያቄ ስትይዙ በሩ ክፍት ይሆናል። ልኬቱን በየሦስት ወሩ ድገሙት። ዱቄቱ፣ ሠራተኛው ወይም ማሽኑ ከተቀየረ ግን ሦስት ወሩን አትጠብቁ።