የሚዳሰስ የሳይንስ ሥዕል ስትሠሩ እነዚህን ስህተቶች አትድገሙ

ባህር ዳር ውስጥ ለዓይነ ስውር ተማሪዎች መጀመሪያ የሠራሁት የጣናን ካርታ ነበር። 37 የሚባሉትን ደሴቶች በሙሉ በምስር ለጠፍኩ። የሐይቁን ዳርቻም አባይንም በአንድ ዓይነት ሲባጎ አወጣሁ። ተማሪዋ በጣቷ ዳርቻውን ስትዞር ቆይታ ሳታውቀው ወደ አባይ ታጠፈች። "ቲቸር፣ ሐይቁ የቱ ጋ ነው የሚያልቀው?" አለችኝ። ምስሮቹም የብሬይል ነጥብ መስለዋት ልታነባቸው ሞክራለች።

ዓይን ሥዕሉን በአንዴ ያየዋል። ጣት ግን ቁራሽ በቁራሽ ነክቶ በሐሳብ ነው የሚገጣጥመው። ስለዚህ የተለያየ ነገር በተለያየ ስሜት ይሠራ፦ ዳርቻው ወፍራም ሲባጎ፣ አባይ ቀጭን ክር፣ የብሱ አሸዋ፣ ውሃው ለስላሳ። ከደሴቶቹ ትልቁን፣ ደቅን፣ ብቻ አስቀርቼ ሌሎቹን ነቀልኩ፤ ብዛታቸውን በቃል ነገርኳት። በሁለት ነገሮች መሃል ቢያንስ 3 ሚሊ ሜትር ክፍተት ተዉ።

ብዙ ሰው የማያስበው ስህተት የመጠን ነው። ጣና ወደ 84 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። ጥልቀቱ ግን ከ14 ሜትር ብዙም አያልፍም። የሐይቁን የጎን ቁራጭ በ42 ሳንቲ ሜትር ካርቶን ላይ በትክክለኛው ልክ ብትሠሩት ጥልቀቱ 0.07 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ይህን የትኛውም ጣት አያገኘውም። እናም ጥልቀቱን ማጋነን ግድ ነው። ማጋነናችሁን ሳትናገሩ ካለፋችሁ ግን ተማሪው ጣናን እንደ ጉድጓድ ጥልቅ አድርጎ ይይዘዋል። ስንት እጥፍ እንዳጋነናችሁ እዚያው ካርቶኑ ላይ በብሬይል ጻፉ።

እጅ የሚይዘውን ነገር መሣልም ከንቱ ልፋት ነው። የእምቦጭን የቅጠል ዘንግ ከመሣል በፊት ራሱን አምጡላቸው። ይጨብጡት፣ ይቁረጡት፣ በውስጡ ያለውን አየር የያዘ ስፖንጅ የመሰለ ነገር ይዳስሱት። ለምን እንደሚንሳፈፍ ያኔ ይገባቸዋል። አምባዛም ከነጢሙ ገበያ አለ። ሥዕሉን ለማይነካው አቆዩት፦ ለሴል፣ ለሐይቁ፣ ለጉማሬ።

ታንኳን ከጥግ እንደሚታየው አድርጎ መሣል ደግሞ ለጣት ትርጉም የለውም። አንዱን ከጎን፣ ሌላውን ከላይ፣ ለየብቻ ሥሩ።

ጽሑፉን በተመለከተ፣ ብሬይልን እንደ ታተመ ፊደል በመጠን ማሳነስ አይቻልም። በአማርኛ ብሬይል ተነባቢና አናባቢ ለየብቻ ስለሚጻፉ "ጣና" ብቻውን አራት ቦታ ይይዛል። ሥዕሉ ላይ አትጠቅጥቁት። አንድ ሁለት ፊደል አስቀምጡና ፍቺውን በሌላ ወረቀት አድርጉት።

ዓይናችሁን በጨርቅ ሸፍናችሁ መሞከር አይበቃም፤ ሥዕሉን ቀድማችሁ ታውቁታላችሁ። አይቶት ለማያውቅ ዓይነ ስውር አንባቢ ስጡት። ዝም ብላችሁ የሚለውን ስሙ። ሲሳሳት አታርሙት። ጣቱ የጠፋበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርጉበት፤ መታረም ያለበት ያ ቦታ ነው።