ሲሞቅ አልነሳም የሚል መኪና፦ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ጠዋት ቁልፍ ሲነካ ወዲያው ይነሳል። ከኮምቦልቻ ተነስቶ የሐረጎን ዳገት እያቃሰተ ይወጣና ደሴ ፒያሳ ይደርሳል። ሾፌሩ አጥፍቶት ቡና ጠጥቶ ሲመለስ እምቢ። ሞተሪኖው (ማስነሻው) ይዞራል፣ ሞተሩ አይነሳም። ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ደግሞ ምንም እንዳልነበረ ይነሳል። እንደ ፈረንጆቹ በ1990ዎቹ የተሠራ ባለ ኢንጄክተር (ቤንዚን የሚረጭ) ኮሮላ ያለው ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል።

አንደኛውና የሚያበሳጨኝ፣ መኪናውን አቀዝቅዞ ማምጣት። ኧረ በሞቴ! ችግሩ ሲሞቅ ነው እያላችሁ አሳድራችሁት ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ጋራዥ በር ታቆሙታላችሁ። ቁልፍ ስነካው ይነሳል። ከዚያ ግምት ይጀመራል፣ መጀመሪያ ፖምፓ (ቤንዚን ገፊው)፣ ቀጥሎ ቦቢና (ለእሳቱ ኃይል ሰጪው)፣ ቀጥሎ ካንዴላ (እሳት ጫሪው)፣ ሁሉም በእናንተ ኪስ። እምቢ ባለበት ሰዓት፣ እዚያው ቆሞ ሳለ ነው መታየት ያለበት። ትርፍ ካንዴላ ያዙ። አንዱን የካንዴላ ገመድ ነቅላችሁ እሱ ላይ ሰክታችሁ ብረቱን ከሞተሩ አካል ጋር አስነኩት፣ በእጃችሁ ሳትይዙት፣ ቤንዚን የፈሰሰበት አጠገብም ሳይሆን፣ ሌላ ሰው ያስነሳ። እሳት ከሌለ ፖምፓውን እርሱት፣ ሲሞቅ የሚደክም ቦቢና ወይም እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለው የዲስትሪቢዩተር ውስጥ ዕቃ ይሆናል። እሳት ካለ ወደ ቤንዚኑ ሂዱ።

ሁለተኛው፣ ፖምፓው ይሠራል ብሎ ግፊቱን አለመለካት። ሞተር ሲጠፋ ሙቀቱ ኮፈን ስር ይታፈናል። መስመሩ ውስጥ ያለውን ቤንዚን እንዳይፈላ የሚይዘው ግፊቱ ነው። ቤንዚኑ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚይዘው የፖምፓው ቫልቭ ወይም አንድ ኢንጄክተር ካፈሰሰ ግፊቱ ይወርድና መስመሩ በእንፋሎት ይሞላል። ደሴ ደግሞ ከባህር ጠለል ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ቤንዚኑ ከቆላው ቀድሞ ይፈላል። ስለዚህ የግፊት መለኪያ ጌጅ ግጠሙ፣ ሞተሩን አጥፉና መርፌው ሲወርድ ተመልከቱ። የሬጉሌተሩንም (የቤንዚን ግፊት መቆጣጠሪያውን) ቀጭን የአየር ቱቦ ንቀሉት፤ ቤንዚን ካለበት ውስጡ ተቀዷል።

ሦስተኛውን፣ ሳይለኩ ዕቃ መቀየርን፣ እኔም ሠርቼዋለሁ። ጀማሪ ሳለሁ አንድ ጋሼ ከባቲ መጡ። ሳልለካ ፖምፓ ቀየርኩላቸው። በሳምንቱ ተመለሱ። እኔ አፍሬ መሬት መሬት ሳይ እሳቸው «አብሽር ልጄ፣ ሰው ይሳሳታል» አሉኝ። ካንዴላዎቹን ስፈታ ጥቁርና በቤንዚን የራሱ። ያኔ ነው የሞተሩን ውሃ ሙቀት ለሞተሩ ኮምፒውተር የሚነግረውን ሴንሰር በቴስተር የለካሁት። በ20 ዲግሪ ከ2,000 እስከ 3,000 ኦም፣ በ80 ዲግሪ ደግሞ ከ200 እስከ 400 ማሳየት ሲገባው፣ ሞተሩ እየጋለ ሺዎችን ያነባል። ኮምፒውተሩ ሞተሩ ቀዝቃዛ መስሎት ቤንዚን ያርከፈክፋል። «የዳሽቦርዱ መርፌ ደህና ነው» እንዳትሉኝ፤ እሱ የሚያነበው ባለ አንድ ሽቦውን ሴንሰር ነው፣ የኮምፒውተሩ ባለ ሁለት ሽቦ ሌላ ነው። ቤንዚን መስጫውን እስከ ታች ረግጣችሁ ስታስነሱት ከተነሳ፣ ቤንዚን በዝቶበት ነበር ማለት ነው።

እርጥብ ጨርቅ ፖምፓ ላይ መጣል ከኢንጄክተር በፊት የነበረው የካርቡሬተር ዘመን ነገር ነው፣ አሁን ፖምፓው ያለው ታንክ ውስጥ ነው። የጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋትማ ቴስታታ (የሞተሩን የላይኛ ክዳን) ያስሰነጥቃል። ሞተሪኖው ራሱ ሲሞቅ እየጎተተ የሚዞር ከሆነ ደግሞ በሽታው ሌላ ነው፣ ከባትሪው ገመዶች ጀምሩ።

ጋሼ የከፈሉኝን የእጅ ዋጋ መለስኩላቸው። አሮጌውን ፖምፓም በፌስታል ይዘው ሄዱ። ደህና ነበር።