የመጀመሪያው ሊኑክስ፦ ኮምፒውተር ለመማር ባህር ማዶ ለገባችሁ

የእህቴ ልጅ ጀርመን በገባች በሁለተኛው ሳምንት ማታ ደወለችልኝ። እኔ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ በሻማ ተቀምጫለሁ። መብራት ከሄደ ሦስት ሰዓት ሆኖታል። እሷ መብራት በማይጠፋበት አገር ሰማያዊ ስክሪን ላይ አፍጥጣለች።

«ጋሼ፣ 48 ቁጥር አስገቢ ይለኛል። የምን 48 ቁጥር ነው?»

ነገሩ እንዲህ ነው። የዩኒቨርሲቲው ላብ (የኮምፒውተር መለማመጃ ክፍሉ) ውስጥ ያለው ኮምፒውተር በሙሉ ኡቡንቱ መሆኑን አየች። ኡቡንቱ በዊንዶውስ ቦታ የሚሠራው ነጻ ሲስተም፣ የሊኑክስ አንዱ ዓይነት ነው። እሱን ልትጭን ማታውኑ ፍላሽ አዘጋጅታ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ መቼት) ውስጥ ገባችና ሴኪዩር ቡት የሚለውን፣ ያልታወቀ ሲስተም እንዳይነሳ የሚከለክለውን ጥበቃ፣ አጠፋች። ዩቲዩብ ላይ ያለው ልጅ አጥፉት ብሎ ነበር። (ኡቡንቱ ሳይጠፋም ይጫናል፤ እሱን አልነገራትም።) ዊንዶውስ ደግሞ ቢትሎከር በሚባለው ዘዴ ዲስኩን ቆልፎት ኖሯል። ባዮሱ ሲነካካ ሌባ የገባ መሰለውና የመክፈቻ ቁጥር ጠየቀ።

ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀመጠው ላፕቶፑ መጀመሪያ በተመዘገበበት የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ነው። የእሷን ያስመዘገበው የሸጠላት ልጅ ነው። በራሱ ኢሜይል። እዚህ ላፕቶፕ የገዛ ሰው ይሄን ያውቀዋል። «አስተካክለህ ስጠኝ» እንላለን፣ እሱም አስተካክሎ ይሰጠናል።

በማግስቱ ጠዋት ሃይገር ላይ ተጋፍቼ ከተማ ገባሁ። ልጁ ደግ ነው፣ ቅር አላለውም። አካውንቱን ሲከፍተው ግን የስንቱ ሰው ላፕቶፕ ተደርድሯል! የትኛው የማን እንደሆነ እሱም አያውቅ። ደግነቱ ሰማያዊው ስክሪን ላይ የቁልፉ መለያ የሚል ጽሑፍ አለ፤ በእሱ አመሳከርነው። ከዚያ ስድስት ስድስት ቁጥር እያልኩ ስምንት ጊዜ በቴሌግራም አነበብኩላት። ሰባተኛው ላይ ዳታዬ አለቀ።

ስለዚህ ገና ለደረሳችሁ የመጀመሪያው ምክሬ ዲስትሮ (የሊኑክስ ዓይነት) መምረጥ አይደለም። ዛሬውኑ ዊንዶውሳችሁ በማን አካውንት እንደተከፈተ እዩ። የእናንተ ካልሆነ ወደ ራሳችሁ ቀይሩት፣ የቢትሎከሩን ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፉት። የፓስፖርት፣ የቪዛ፣ የትራንስክሪፕት ስካናችሁንም ከላፕቶፑ ውጪ ሌላ ቦታ አስቀምጡ። እዚያ አገር መጀመሪያዎቹ ወራት ላይ በየቢሮው የምትጠየቁት እነሱን ነው። ዲስክ ስትከፋፍሉ በስህተት ቢጠፉ ለማን ትጮኻላችሁ?

አሁን ወደ ምርጫው። ኢንተርኔት ላይ ስለዚህ የሚጨቃጨቅ ሰው አያልቅም። እኔ የምለው አጭር ነው፦ ላባችሁ ውስጥ ያለውን ጫኑ። አስተማሪው መመሪያ ሲጽፍ ለእሱ ነው የሚጽፈው። ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ አሳይመንቱ አልሠራ ሲል ከጎናችሁ ያለው ልጅ ሊረዳችሁ የሚችለው አንድ ዓይነት ከያዛችሁ ነው። አዲስ አገር ላይ፣ ጓደኛ ባልበዛበት ሰሞን፣ ይሄ ከማንኛውም የቴክኒክ ብልጫ ይበልጣል። እንዲያውም «ያንተ ሠራልህ?» ብሎ መጠየቅ ወሬ ለመጀመር ጥሩ ሰበብ ነው።

ብዙ ቦታ ያ ማለት ኡቡንቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ያስጀመረው ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልዎርዝ ነው፤ ስሙም ከዚያው አካባቢ ቋንቋዎች የመጣ ሲሆን ሰብዓዊነት እንደማለት ነው። እስከ 2011 ድረስ ሲዲውን በፖስታ ለጠየቀ ሁሉ በነጻ ይልኩ ነበር። ስታወርዱ ኤልቲኤስ (ረጅም ጊዜ የሚደገፍ ማለት ነው) የሚል ጽሑፍ ያለበትን ምረጡ። በየሁለት ዓመቱ ሚያዝያ አካባቢ ይወጣል፣ አምስት ዓመት አፕዴት ያገኛል። 24.04 የሚባለው ቨርዥን ለምሳሌ እስከ እ.ኤ.አ. 2029 ይቆያል። ዲግሪያችሁን ይዞ ያደርሳችኋል።

ላፕቶፓችሁ 4 ጊጋ ራም ብቻ ያለው አሮጌ ከሆነ ሊኑክስ ሚንትን እዩ። ውስጡ ያው ኡቡንቱ ነው፣ መልኩ ግን ለዊንዶውስ ሰው አይከብድም፤ ሜኑው እዚያው ታች በግራ ጥግ ነው። ለላቡ የተጻፈው ትእዛዝ ባብዛኛው እሱም ላይ ይሠራል። ፌዶራ የሚባለው ዲስትሮም ጎበዝ ነው፣ ግን በየስድስት ወሩ አዲስ ይወጣል፣ አንዱ ቨርዥን የሚደገፈውም 13 ወር ያህል ነው። ፈተና ሰሞን አፕግሬድ ማድረግ የሚወድ ይያዘው።

ካሊን ተዉት። ከአዲስ አበባ የሚነሳ የኮምፒውተር ተማሪ ግማሹ ካሊ ካልጫንኩ የሚል ይመስለኛል፤ ዓርማው ላይ ያለችው ዘንዶ ታምራለች መሰለኝ። ካሊ የሴኪዩሪቲ ፍተሻ መሣሪያ ነው። የሠሩት ሰዎች ራሳቸው ለሊኑክስ ጀማሪ አንመክርም ብለው ጽፈዋል። አርች የሚባለውን ከባዱን ዲስትሮ ደግሞ ለሁለተኛ ዓመት አቆዩት።

ዊንዶውስን ግን አትደምስሱት። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲ የኦንላይን ፈተና የሚሰጠው ስክሪኑን በሚቆልፍ ብሮውዘር ነው። ከእነዚህ የታወቁት፣ እንደ ሪስፖንደስ ያሉት፣ ሊኑክስ ላይ አይሠሩም። ይሄን ፈተናው ጠዋት ላይ ማወቅ አይጠቅምም። ዲስካችሁ ካልጠበበ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጉ፤ ለሊኑክሱ 60 ጊጋ ብትሰጡት ለመጀመሪያው ዓመት አያንስም። ፈራን ካላችሁ ዊንዶውስ ውስጥ ሆኖ ኡቡንቱን የሚያስነሳ ደብሊውኤስኤል የሚባል አለ፤ ለአንድ ሴሚስተር ያኗኑራል። ዊንዶውስ 10 የያዛችሁ ግን እወቁ፣ መደበኛ ድጋፉ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አልቋል።

የኡቡንቱ መጫኛ ፋይል ወደ 6 ጊጋ ነው፣ ባለ 8 ጊጋ ፍላሽ ይበቃል። እኛ ሰፈር ይሄን ማውረድ ፓኬጅ ገዝቶ፣ አላርም ሞልቶ፣ መብራት እንዳይሄድ ተስሎ ነው። እናንተ ዩኒቨርሲቲው ኔት ላይ ቡና እስኪፈላ ይወርዳል። ከመጫናችሁ በፊት ከፍላሹ ላይ አስነስታችሁ ሞክሩት። ዋይፋዩ ይይዛል? ድምፅ አለ? ካሜራው ይሠራል? ዋይፋዩ እምቢ ካለ ስልካችሁን በዩኤስቢ ሰክታችሁ ኢንተርኔት አካፍሉት፤ ድራይቨሩን በእሱ ያወርዳል።

አማርኛ መጻፍ የብዙ ሰው ስጋት ነው። ፓወር ግዕዝ የዊንዶውስ ነው፣ አይከተላችሁም። ሊኑክስ ላይ አይባስ የሚባለው የኪቦርድ ሥርዓት ላይ ኤም 17 ኤን የሚል ተጨማሪ ትጭናላችሁ፣ ከዝርዝሩ አማርኛን ትመርጣላችሁ፤ በላቲን እንደምትቴክስቱት ስትጽፉ ግዕዙ ይወጣል። ኪይማንም አለ። በድሮ ፓወር ግዕዝ ፎንት የተጻፈ የአባታችሁ ፋይል ግን ትርጉም የሌለው ፊደል ሆኖ ሊታያችሁ ይችላል። አልተበላሸም፤ ፎንቱ ዩኒኮድ የሚባለውን የጋራ የፊደል ሥርዓት ስላልተከተለ ነው። እንዲህ ያለውን ዊንዶውስ ላይ ሳላችሁ ፒዲኤፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ።

አንድ ትንሽ ነገር ቀረች። ሁለቱን ጎን ለጎን ስትጭኑ ከሊኑክስ ወደ ዊንዶውስ በተመለሳችሁ ቁጥር ሰዓቱ ይዛባል። ሊኑክስ የማሽኑን ሰዓት በዓለም አቀፉ ሰዓት (ዩቲሲ) ይይዛል፣ ዊንዶውስ ያንኑ እንደ አካባቢ ሰዓት ያነበዋል። አዲስ አበባ ቢሆን ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ነበር። ጀርመን በብርዱ ወቅት አንድ ሰዓት ነው፣ ለዚያ ነው ቶሎ የማይታወቀው። እኛ ደግሞ በሁለት ዓይነት የሰዓት አቆጣጠር ያደግን ነን፣ ሰዓት ተዛባ ብለን አንደነግጥም። ሊኑክሱ በአካባቢ ሰዓት እንዲይዝ ማዘዝ ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ አንድ መስመር ነው። የእህቴ ልጅ ያቺን መስመር የጻፈቻት ለላብ አንድ ሰዓት ሙሉ ካረፈደች በኋላ ነው።