ደም በሥር ውስጥ የሚረጋበት ሰው ልቡን እንዴት ይከታተል

አንቲፎስፎሊፒድ ሲንድረም የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ የራሱን ሰውነት በማጥቃት ደም በሥር ውስጥ እንዲረጋ የሚያደርግ ሕመም ነው። ብዙውን ጊዜ የሚታወቀው እግር በማሳበጡ ወይም ጽንስ ደጋግሞ በማጨናገፉ ቢሆንም፣ ልብንም ይጎዳል፤ ትልልቆቹ የልብ ደም ሥሮች ክፍት ሆነው ሳለ በጡንቻው ውስጥ ያሉት ጥቃቅኖቹ በረጋ ደም ሊደፈኑና ጡንቻው ቀስ በቀስ ሊደክም ይችላል።

በሰሜን ሸዋ ይህ ድካም በቀላሉ ይሸፈናል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ስለሆነች፣ ትንፋሽ ሲያጥር «ዳገቱ ነው፣ ብርዱ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ስለዚህ ዘወትር የሚወጡትን አንድ ዳገት፣ ለምሳሌ ከገበያ ወደ ቤት ያለውን፣ መለኪያ ያድርጉት፤ ስንት ጊዜ ቆመው እንዳረፉም በደብተር ይጻፉ። ባለፈው ወር አንድ ጊዜ ያረፉበትን ዛሬ ሦስት ጊዜ ካረፉበት፣ የተለወጠው ዳገቱ አይደለም። ማታ ተኝተው ትንፋሽ እንዳያጥርዎ ትራስ መደራረብ ካስፈለገዎት እርሱንም ይጻፉ። ቅልጥምዎን በአውራ ጣት ተጭነው እስከ አምስት ይቁጠሩ፤ ጣትዎን ሲያነሡ ጎድጉዶ ከቀረ እግርዎ ውኃ ይዟል። አንዱ እግር ብቻ አብጦ የሚያም ከሆነ ግን የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ይታዩ።

ደብተሩን ይዘው ሐኪምዎን ያማክሩ፤ ኢሲጂ (የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚመዘግብ ምርመራ) እና የልብ አልትራሳውንድ (ኢኮ) ያስፈልገኝ እንደሆነ ብለውም ይጠይቁ። አንቲፎስፎሊፒድ ሲንድረምን የሚያሳየው የደም ምርመራ አንድ ጊዜ ብቻ ተሠርቶ ከሆነ፣ ቢያንስ ከ12 ሳምንት በኋላ መደገም አለበት።

ዋርፋሪን የተባለውን ደም ማቅጠኛ መድኃኒት የሚወስድ ሰው፣ ደሙ ለመርጋት የሚወስድበትን ጊዜ የሚያሳየው አይኤንአር የሚባለው መለኪያ በአብዛኛው ከ2 እስከ 3 እንዲሆን ይፈለጋል። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የጾም ወራት ነው፤ በዐቢይ ጾም ጎመን ሲበዛ በውስጡ ያለው ቫይታሚን ኬ የመድኃኒቱን ኃይል ያዳክማል፣ ከፋሲካ በኋላ ጎመኑ ቀርቶ ሥጋ ሲተካ ደግሞ ደሙ ከሚገባው በላይ ሊቀጥን ይችላል። ጎመን መተው አያስፈልግም፤ መጠኑን ዓመቱን ሙሉ ተቀራራቢ ማድረግና ጾም ሲገባና ሲፈታ አይኤንአር መለካት ይበጃል። ለወገብ ሕመም ተብሎ ዲክሎፍናክ የተባለውን ማስታገሻ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከዋርፋሪን ጋር መውሰድ ለደም መፍሰስ ያጋልጣል። ዋርፋሪን ጽንስን ስለሚጎዳ፣ ልጅ የምታስብ ሴት ከማርገዟ በፊት ለሐኪሟ ትንገር፤ በራሷ ግን አታቋርጠው።

ደረት ተጭኖ ካመመ፣ ራስን ካሳተ፣ ፊት ወይም አንድ እጅ ከዛለ፣ ወይም ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ፤ የመድኃኒቱን ማሸጊያም ይያዙ፤ ሐኪሙ ከሁሉ አስቀድሞ ማወቅ የሚፈልገው ደም ማቅጠኛ መውሰድዎን ነው።