በጎጃም ደጋ የአትክልት ችግኝን በላስቲክ ቤት ማፍላት

በደብረ ማርቆስና በአካባቢው ደጋ ለበጋ መስኖ የቲማቲም ወይም የቃሪያ ችግኝ የሚያፈላ ሰው፣ ከኅዳር እስከ ጥር ያለው የሌሊት ብርድ የዘሩን መብቀል እንደሚያዘገይ፣ አልፎ አልፎም ውርጭ የበቀለውን እንደሚያቃጥል ያውቃል። ይህን ለመከላከል ውድ ግሪን ሃውስ አያስፈልግም፤ ተጠጥቶ የተጣለ የሃይላንድ ጠርሙስ ወይም ጥቂት ሜትር ነጭ ላስቲክ ይበቃል።

ባለ 2 ሊትሩ ጠርሙስ ከወገቡ ይቆረጥና የታችኛው ክፍል በጋለ ምስማር ተበስቶ አፈር ይይዛል፤ የላይኛው ይከደንበታል። ብዙ ችግኝ ለሚፈልግ ግን ከአዊ በኩል የሚመጣውን ቀርከሃ ሰንጥቆ፣ 1 ሜትር ስፋት ባለው መደብ ላይ እንደ ቀስት አጉብጦ መትከልና ላስቲኩን በላዩ መወጠር ይሻላል። አንዱ ጠርዝ በአፈር ይቀበር፤ ሌላው እንዲከፈት በድንጋይ ብቻ ይያዝ።

አፈሩ 3 እጅ ለም አፈር፣ 2 እጅ በደንብ የበሰለ ብስባሽና 1 እጅ አሸዋ ቢሆን መልካም ነው። ዘሩ ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ አይቀበር። ቃሪያ ለመብቀል ሁለት ሳምንትና ከዚያም በላይ ሊወስድ ስለሚችል አፈሩን መጎርጎር አይገባም።

በላስቲክ ቤት ውስጥ ችግኝን ብዙ ጊዜ የሚገድለው የሌሊቱ ብርድ ሳይሆን የቀትሩ ሙቀት ነው። ፀሐይ በወጣበት ቀን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ገደማ ሊከፈት፣ የቀኑን ሙቀት ይዞ እንዲያድር ደግሞ ከ10 ሰዓት በኋላ ሊዘጋ ይገባል። እኔ አንድ ቅዳሜ ሳልከፍት ገበያ ውዬ ስመለስ የጎመኑ ችግኝ የተቀቀለ መስሎ ጠበቀኝ። ላስቲኩ ከውስጥ ጠብታ ካቋጠረና የችግኙ አንገት አፈሩን በነካበት ቀጥኖ መውደቅ ከጀመረ፣ እርጥበቱ በዝቶ ሻጋታ ገብቷልና ውሃውን መቀነስ፣ የሚጠጣውንም ጠዋት ብቻ ማጠጣት ያስፈልጋል።

ቲማቲም ከ4 እስከ 5፣ ቃሪያ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ሲሞላው ለመዛወር ይደርሳል። ከዚያ በፊት ባሉት 7 ወይም 10 ቀናት ችግኙ ከውጭው አየር ጋር ይለማመድ፤ በመጀመሪያው ቀን ለሁለት ሰዓት ያህል ጥላ ሥር ይውጣ፣ ከዚያ ጊዜው ቀስ በቀስ እየረዘመ ሙሉ ቀን ፀሐይ ላይ ይዋል፤ ውርጭ በማያሰጋበት ሌሊትም ተገልጦ ይደር። ተከላው ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ ስትበርድ ይሁን፤ ሥሩ አፈሩን ይዞ እንዲወጣም መደቡ ቀድሞ ይጠጣ። ተቆርጦ ክዳን የሆነው የጠርሙሱ የላይኛው ክፍል እዚህም ያገለግላል፤ በተተከለው ችግኝ ላይ ለሌሊቱ ተደፍቶ ጠዋት ይነሣል።