ሲሞቅ የሚጠፋ አሮጌ ሞተርሳይክል፦ ቦቢናውን በትኩሱ መለካት

የወጣትነት ትዝታ ገፋፍቶኝ የገዛሁት ባለ አንድ ሲሊንደር አሮጌ ሞተርሳይክል ቀዝቃዛ ሳለ በመጀመሪያው እርግጫ ይነሳል፤ ጥቂት ተነድቶ በደንብ ሲሞቅ ግን ድንገት ይጠፋል፤ እስኪቀዘቅዝም ድረስ ዳግመኛ አይነሳም።

በመጀመሪያ የጠረጠርኩት ነዳጁን ነበር። ካርቡሬተሩን ፈትቼ አጸዳሁ፤ የታንኩ ክዳን የአየር ቀዳዳ ሲደፈን ተመሳሳይ ምልክት ስለሚታይ ክዳኑን ላላ አድርጌ ነዳሁ፤ ካንዴላውንና ኮንደንሰሩንም ቀየርኩ። ለውጥ አልመጣም። አነስተኛውን ቮልት ለካንዴላው ብልጭታ ወደሚበቃ ከፍተኛ ቮልት የሚቀይረው ቦቢና ጠዋት በቴስተር ሲለካ ጤነኛ ነበር።

ነገሩ የተፈታው ሞተሩ በጠፋበት ቅጽበት መለዋወጫ ካንዴላ ከቦቢናው በሚመጣው ገመድ ጫፍ ባለው ካፕ ላይ ሰክቼ፣ ብረቱን ከሞተሩ አካል ጋር አስነክቼ በረገጥኩ ጊዜ ነው፤ ብልጭታ ፈጽሞ አልነበረም። ካፑ የራሱ ሬዚስተር ሊኖረው ስለሚችል ከገመዱ ላይ ፈትቼ ቦቢናውን ወዲያው በትኩሱ ለካሁት። ሲቀዘቅዝ 9 ኪሎ ኦም ያሳይ የነበረው፣ ከፍተኛውን ቮልት ወደ ካንዴላው የሚልከው ጥቅል፣ መስመሩ ተቋርጦ ተገኘ። ውስጡ የተበጠሰ ቀጭን ሽቦ ሲሞቅ ይለያያል፣ ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ይነካካል።

አዲስ ቦቢና ሲገዛ የቮልቱ መመሳሰል ብቻውን አይበቃም። አነስተኛውን ቮልት የሚቀበለው የዋናው ጥቅል ሬዚስታንስም ከአሮጌው ጋር መቀራረብ አለበት፤ ለኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ የተሠራ አነስተኛ ኦም ያለው ቦቢና የአሮጌ ሞተር ኮንታክቶችን፣ ማለትም ወደ ቦቢናው የሚሄደውን ኤሌክትሪክ የሚያገናኙና የሚያቋርጡትን ነጥቦች፣ ያቃጥላልና። እኔ ባለ 12 ቮልት፣ 4 ኦም ገጠምኩ፤ ከዚያ ወዲህ በቀትር ፀሐይ ረጅም ዳገት ሲወጣ እንኳ አልጠፋም።